የክሕደት ቍስልና የበቀል ዋጋ
«የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» ስለሚባለው ታሪክ የተሰጠ ማብራሪያ

ለመንፈሳዊ ትምህርት የተለየ ሰው ዓለማዊ የጀብዱ ታሪክ ማንበብ ምን ይጠቅመዋል የሚል ጥያቄ በተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም እንደ መጽሐፉ ዐይነት ይለያያል። ጊዜ ከማጥፋት በቀር ፍሬ የሌላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የሰውን ልብ እንደ መስተዋት የሚያሳዩ ጥቂቶችም አሉ። ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንድር ዱማ «የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» ብሎ የሰየመው መጽሐፍ ነው። ኮንት ማለት የአውሮፓ የመኳንንት ማዕርግ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን መጽሐፍ የበቀል መጽሐፍ ይሉታል፤ የተበደለው ሰው ጠላቶቹን አንድ በአንድ ሲጥላቸው እያዩም ደስ ይሰኙበታል። ረጋ ብሎ ለሚያነበው ግን መጽሐፉ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም በቀለኛ ሰው የከዱትን ለመቅጣት ሲነሣ የነርሱኑ መሣሪያ በእጁ እንደሚይዝ፤ የበቀሉንም ዋጋ ያልበደለ ሰው እንደሚከፍለው ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ነገር ከታሪኩ ውስጥ እያወጡ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ደራሲውና የታሪኩ ምንጭ

ዱማ በ1802 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ተወለደ፤ በ1870 ዓ.ም. ሞተ። አባቱ ጄኔራል ቶማ አሌክሳንድር ዱማ፥ ዛሬ ሃይቲ በምትባለው አገር፥ ከአንድ ፈረንሳዊ መኰንንና ከአፍሪካ ዘር ከሆነች ባሪያ የተወለደ ሰው ነበር። በፈረንሳይ ጦር ውስጥ በጀግንነቱ እስከ ጄኔራልነት ደረሰ። ከናፖሌዎን ጋራ ወደ ግብፅ ዘምቶ ሲመለስ ግን መርከቡ በጉዞ ላይ ስለ ተበላሸ በኢጣልያ የባሕር ዳር ተጠጋ፤ በዚያም በናፖሊ መንግሥት እጅ ወድቆ ከ1799 እስከ 1801 ዓ.ም. ታሰረ። ከእስራት ሲወጣ ጤናው ፈጽሞ ተበላሽቶ ነበር። ልጁ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው በ1806 ዓ.ም. ዐረፈ። ስለዚህ ደራሲው ያለ ፍርድ ስለ ታሰረ ሰው ሲጽፍ ነገሩ ለቤቱ እንግዳ አልነበረም።

መጽሐፉ «ዡርናል ደ ዴባ» በሚባለው የፓሪስ ጋዜጣ ከ1844 እስከ 1846 ዓ.ም. በተከታታይ ታተመ። ኦጉስት ማኬ የሚባል ጸሓፊም በታሪኩ አወጣጥ ረድቶታል። የታሪኩ ዘር የተገኘው በ1838 ዓ.ም. በዣክ ፐሼ ስም ከታተመ፥ ከፖሊስ መዝገብ ቤት ተውጣጣ ከተባለ መጽሐፍ ነው። በዚያ እንደሚነገረው ፒኮ የሚባል ጫማ ሰፊ ሊያገባ ሲል ወዳጆቹ ቀንተው የእንግሊዝ ሰላይ ነው ብለው አሳሰሩት። ከሰባት ዓመት በኋላ ወጥቶ በእስር ቤት ከተዋወቀው ካህን ባገኘው ሀብት እየተረዳ ጠላቶቹን ገደለ፤ በመጨረሻም ምስጢሩን በሚያውቅ ሰው እጅ እርሱ ራሱ ተገደለ። በዚህ በምንጩ ታሪክ ጸጸት የለም፤ ደም ደምን እየጠራ ያልቃል። ዱማ የለወጠው ከሁሉ ይልቅ ይህን ፍጻሜ ነው።

፪. አራቱ ከዳተኞች

በ1815 ዓ.ም. በየካቲት ወር «ፋራኦን» የምትባል መርከብ ወደ ማርሴይ ወደብ ገባች። ካፒቴኑ በጉዞ ላይ ስለ ሞተ መርከቢቱን መርቶ ያመጣት ኤድሞን ዳንቴስ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ባለ መርከቡ ሞሬል በካፒቴንነት ሊሾመው አሰበ፤ እጮኛው መርሴዴስ ትጠብቀው ነበር፤ ሽማግሌ አባቱም በናፍቆት ቈይቶ ነበር። ነገር ግን ካፒቴኑ ሲሞት ናፖሌዎን በግዞት ወዳለበት ወደ ኤልባ ደሴት መልእክት እንዲያደርስ አዞት ነበርና፥ ከዚያ ወደ ፓሪስ የሚደርስ አንድ ደብዳቤ ተቀብሎ ይዟል። በውስጡ ስለ ተጻፈው ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ይህን ንጹሕ ሰው አራት ሰዎች ተካፍለው ጣሉት። የመጀመሪያው ዳንግላር የመርከቡ ጭነትና ሒሳብ ኀላፊ ሲሆን የካፒቴንነቱ ሹመት ለዳንቴስ መሰጠቱን አልወደደም። ስለዚህ ዳንቴስ የናፖሌዎን መልእክተኛ ነው የሚል የክስ ወረቀት፥ ጽሕፈቱ እንዳይታወቅበት በግራ እጁ ጻፈ። ሁለተኛው ፌርናን ነው፤ መርሴዴስን ለራሱ ይመኝ ስለ ነበረ ያንን ወረቀት ወስዶ ላከው። ሦስተኛው ካድሩስ የሚባል ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነው። ወረቀቱ ሲጻፍ በስካር ላይ ሆኖ በዚያው ተቀምጦ ነበር፤ በማግሥቱ ዳንቴስ በማጫው ግብዣ ላይ ሲያዝ ነገሩ ገባው፤ ነገር ግን እኔንም ይይዙኛል ብሎ ፈርቶ ዝም አለ።

አራተኛው ምክትል ዐቃቤ ሕጉ ቪልፎር ነው። እርሱም በዚያው ቀን የራሱን ማጫ ያከብር ነበር። ዳንቴስን በመረመረ ጊዜ ንጹሕ መሆኑን ተረድቶ ሊለቀው ቃጣ። ነገር ግን ደብዳቤው የተላከው ለራሱ አባት ለኑዋርቲዬ መሆኑን ባየ ጊዜ የአባቱ ነገር ቢገለጥ ሹመቱ እንደሚጠፋ ዐወቀ። ደብዳቤውን በዳንቴስ ፊት አቃጠለው፤ ዳንቴስም ስለ እርሱ የተደረገ ቸርነት መስሎት አመሰገነው። በዚያችው ሌሊት ግን በጀልባ ጭነው ወደ ኢፍ ምሽግ ወሰዱት።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ከአራቱ አንዱ እንኳ ብቻውን ይህን ሁሉ ጥፋት ሊፈጽም አይችልም ነበር። ቅንዓት ጻፈው፤ ምኞት አደረሰው፤ ፍርሃት ሸፈነው፤ ሥልጣን አተመበት።

፫. እስር ቤቱና መምህሩ

ኢፍ ከማርሴይ ፊት ለፊት በባሕር ውስጥ ያለች ትንሽ ዐለታም ደሴት ናት። ምሽጉን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠራው ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ ነው፤ ኋላም እስር ቤት ሆነ፤ ዛሬ ጐብኚዎች በጀልባ እየሄዱ የሚያዩት ስፍራ ነው። በታሪኩ ውስጥ ዳንቴስ በዚህ ምሽግ 14 ዓመት ታሰረ። ተስፋ ቈርጦ ራሱን በረኃብ ሊገድል በቃጣ ጊዜ ከግድግዳው ውስጥ የመቈፈሪያ ድምፅ ሰማ። ቈፋሪው አባ ፋርያ የሚባሉ ኢጣልያዊ ካህን ነበሩ፤ ወደ ባሕሩ የሚያወጣ መንገድ የሚቈፍሩ መስሏቸው በአሳብ ስሕተት ወደ እርሱ ክፍል ወጡ።

እኒህ ሽማግሌ ካህን ወጣቱን እንደ ልጃቸው ያዙት። ልሳናትን፥ የሒሳብን ትምህርትና የዓለምን ታሪክ አስተማሩት። አንድ ቀን ግን ዳንቴስ የታሰረበትን ነገር ሲነግራቸው እየጠየቁ ከዳተኞቹን በአሳባቸው ለይተው አሳዩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዳንቴስ ማን እንደ ጐዳው አያውቅም ነበር። መምህሩም ፊቱ ሲለወጥ አይተው ስለ ሠሩት ሥራ ተጸጸቱ፤ በልቡ ያልነበረውን የበቀል አሳብ እንዳስገቡበት ዐውቀዋልና። ከመጽሐፉ ጥልቅ ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ዕውቀትን ሁሉ የሰጠው መምህር ያ አንዱ ዕውቀት በተማሪው ልብ ምን እንደሚሠራ ፈራ፤ ነገር ግን የተነገረ ቃል ወደ አፍ አይመለስም።

አባ ፋርያ በሞቱ ጊዜ ዳንቴስ በሬሳው ፈንታ በመግነዙ ከረጢት ውስጥ ገባ፤ ጠባቂዎቹም በእግሩ የመድፍ ጥይት አስረው ወደ ባሕር ወረወሩት። ከረጢቱን በጩቤ ቀድዶ ዋኝቶ አመለጠ። መምህሩ በነገሩት ምልክት በኢጣልያ ባሕር ውስጥ በምትገኘው ሰው በማይኖርባት በሞንቴ ክሪስቶ ደሴት የተቀበረውን ታላቅ ሀብት አገኘ፤ ስሙንም ከዚያች ደሴት ወሰደ። ወደ ማርሴይ ሲመለስ ግን አባቱ በረኃብ ሞቶ፥ መርሴዴስም ፌርናንን አግብታ አገኘ።

በበቀል ከመጀመሩ በፊት አንድ መልካም ሥራ ሠራ። ባለ መርከቡ ሞሬል ዳንቴስን ለማስፈታት የደከመ፥ ለሽማግሌ አባቱም በቀይ ከረጢት ገንዘብ ትቶ የሄደ ሰው ነበር። አሁን ግን መርከቦቹ ጠፍተው ዕዳውን መክፈል ስላልቻለ፥ የክፍያው ቀን በደረሰ ጊዜ ራሱን ሊገድል ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያች ሰዓት ያ ቀይ ከረጢት ተመልሶ መጣ፤ በውስጡም የ287,500 ፍራንክ ዕዳው እንደ ተከፈለ የሚያስረዳ ወረቀት ነበረበት። ዳንቴስ ይህን አድርጎ ሲያበቃ ደግነትን ተሰናበተ።

፬. የበቀለኛው እጅ

ኮንቱ በ1838 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ገባ። ከዳተኞቹ በዚህ ጊዜ ከብረዋል። ዳንግላር ባለ ባንክ፥ ፌርናን ጄኔራልና ኮንት፥ ቪልፎር የንጉሡ ዐቃቤ ሕግ ሆነዋል። ካድሩስ ብቻ በድኽነትና በወንጀል ወድቋል። ብዙ አንባቢ የሚያደንቀው ኮንቱ በምን ጥበብ እንዳጠመዳቸው ነው። ነገር ግን መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ብንመረምር ከዚህ በፊት ያየናቸው ሆነው እናገኛቸዋለን።

ዳንግላር በተሰወረ እጅ የሐሰት ወረቀት ጽፎ ነበር። ኮንቱም በዚያ ዘመን በኰረብታ ላይ በቆመ ማማ በምልክት ይተላለፍ የነበረውን የቴሌግራፍ ሠራተኛ በገንዘብ ደልሎ ስለ እስጳንያ የሐሰት ወሬ አስተላለፈ፤ ዳንግላርም ያን አምኖ ብዙ ገንዘብ ከሰረ። ላኪው ያልታወቀ የሐሰት ቃል ዳንቴስን ጥሎት ነበር፤ አሁን ደግሞ ዳንቴስ ላኪ ሆነ።

ፌርናን በእምነት በተቀበሉት ሰዎች ላይ ክፉ ያደረገ ሰው ነው። በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው የያኒናውን ገዥ ዓሊ ፓሻን ሲያገለግል ለጠላቶቹ አሳልፎ ሰጠው፤ ልጁን ሃይዴንም ለባርነት ሸጣት። ኮንቱ ደግሞ ወደ ፌርናን ቤት የገባው በልጁ በአልቤር እምነት ነው። አልቤርን በሮም ከሽፍቶች እጅ አዳነው፤ ሽፍቶቹ ግን የኮንቱ ወዳጆች ነበሩ። አልቤርም ባለ ውለታዬ ነው ብሎ እጁን ይዞ ወደ አባቱ ቤት አገባው። መርሴዴስ ብቻ ዳንቴስን ዐወቀችው። በግብዣ ሌሊት ወይን ቈርጣ ብትሰጠው እንቢ አለ፤ በዐረቦች ልማድ በአንድ ቤት እንጀራና ጨው የተካፈሉ ሰዎች ወዳጆች መሆናቸውን ብታሳስበውም አልቀመሰም። በቤቱ ገብቶ ከቤቱ ምግብ ያልበላው ሊያፈርሰው ስለ መጣ ነው። በምሥራቅ አገር የሚኖር ወይም በመንገደኛነት የሚያልፍ ሰው የዚህን እንቢታ ክብደት ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

ቪልፎር ያለ ችሎት ፈርዶ ነበር። ኮንቱም በምስጢር ራሱ ከሳሽ፥ ራሱ ምስክር፥ ራሱም ዳኛ ሆነ፤ ተከሳሾቹ ግን ማን እንደሚከሳቸው የሚያውቁት ከወደቁ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው አራተኛው ነው። ካድሩስ ያወቀውን ክፉ ሥራ በዝምታ ሸፍኖ ነበር። የቪልፎር ሁለተኛ ሚስት ርስቱን ሁሉ ለልጇ ለኤዱዋር ለማስገኘት በቤቱ ያሉትን በመርዝ መግደል በጀመረች ጊዜ ኮንቱ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ ስለ መርዝ ብልሃት ያጫወታትም እርሱ ነው። ቪልፎር የመጀመሪያ ሚስቱን ወላጆች አጣ፤ አንድ ሽማግሌ አገልጋይም ሞተ፤ ኮንቱ ግን ፍርድ መንገዱን ይሂድ ብሎ ዝም አለ። ዝምታውን የሰበረው የሞሬል ልጅ ማክሲሚልየን የቪልፎርን ልጅ ቫላንቲንን እንደሚወዳት በነገረው ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ተነሥቶ አዳናት። እንግዲህ ወዳጁ ባይወዳት ኖሮ ይህች ብላቴና በምን ትድን ነበር? ካድሩስ ስለ ራሱ ነፍስ ፈርቶ ዝም አለ፤ ኮንቱ ግን የሚያስፈራው ነገር ሳይኖር ዝም ብሏል።

፭. ዋጋውን የከፈለው

የመጀመሪያው ዕዳ በመርሴዴስና በአልቤር ላይ ወደቀ። የፌርናን ክሕደት በሸንጎ ፊት በተገለጠ ጊዜ አልቤር ስለ አባቱ ክብር ኮንቱን ለጠብ ጠራው። መርሴዴስ በሌሊት መጥታ በዱሮ ስሙ ጠርታ ስለ ልጇ ለመነችው፤ እርሱም ልጁን ከመግደል ራሱ ለመሞት ቈረጠ። እናት እውነቱን ለልጇ ስለ ነገረችው ጠቡ በይቅርታ ተፈታ። እናትና ልጅ የፌርናንን ሀብት ሁሉ ትተው ባዶ እጃቸውን ከቤት ወጡ፤ ፌርናንም ሠረገላቸው ሲሄድ አይቶ ራሱን በጥይት ገደለ። አልቤር በወታደርነት ወደ አፍሪካ ሄደ፤ መርሴዴስም የሽማግሌው ዳንቴስ ቤት በነበረችው ትንሽ ቤት ብቻዋን ለጸሎትና ለልቅሶ ቀረች።

ሁለተኛው ዕዳ ከዚህ የባሰ ነው። ቪልፎር የሚስቱን ወንጀል በደረሰበት ጊዜ ራስሽን ካልገደልሽ ለሞት ፍርድ አሳልፌ እሰጥሻለሁ ብሏት ወደ ችሎት ሄደ። በዚያ ግን የገዛ ኀጢአቱ ተገለጠ፤ ከብዙ ዓመት በፊት በድብቅ የተወለደለትን ሕፃን በሕይወቱ ሳለ ቀብሮት ነበርና፥ ያ ልጅ ድኖ አድጎ በወንጀል ተከስሶ በፊቱ ቆሞ አባቴ ይህ ነው አለ። ቪልፎር ለራሱ ምሕረት የሚያስፈልገው ሰው በሚስቱ ላይ መፍረዱ አሳዘነው፤ ሊያድናትም እየሮጠ ተመለሰ። እርሷ ግን መርዙን ጠጥታ ነበር፤ ትንሹን ልጇን ኤዱዋርንም ይዛው ሞታለች።

ኮንቱ በዚያች ሰዓት ማንነቱን ሊገልጥለት መጣ። ቪልፎር ክንዱን ይዞ ወደ ሁለቱ ሬሳ ወሰደውና አሳየው። ኮንቱ ሕፃኑን አንሥቶ መድኀኒት እየሰጠ ሊያስነሣው ደከመ፤ አልሆነለትም። ቪልፎር አእምሮው ተነካ፤ የጠፋ ልጅ እንደሚፈልግ ሰው የአትክልቱን መሬት መቈፈር ጀመረ። እስከዚህ ድረስ የእግዚአብሔር የቍጣው በትር ነኝ ብሎ ያምን የነበረ ሰው በዚህ ሬሳ ፊት ከመጠን እንዳለፈ ዐወቀ። ኤዱዋር በ1815 ዓ.ም. አልተወለደም፤ ደብዳቤ አልጻፈም፤ አላቃጠለም። ኮንቱ ለወዳጁ ስለ አዘነ የዳነች ቫላንቲን አለች፤ ማንም ስላልለመነለት የሞተ ኤዱዋር አለ። በቀል በቤት ውስጥ የበደለውንና ያልበደለውን ለይቶ መምታት አይችልም።

፮. መመለስ

ኮንቱ ልቡ ስለ ተናወጠ ወደ ኢፍ ሄዶ የታሰረበትን ጕድጓድ አየ። በዚያ ጊዜ እስረኛ አልነበረም፤ ዘበኛው ለመጣው ሁሉ እያዞረ ያሳይ ነበር። የዳንቴስንና የአባ ፋርያንም ታሪክ ለራሱ ለዳንቴስ አወራለት። ዕድሜውን ሁሉ የበላው ቍስል ለመንገደኛ የሚነገር ተረት ሆኖ ቈየው። ከዚያም ዘበኛው አባ ፋርያ በጨርቅ ላይ የጻፉትን መጽሐፍ ሰጠው። ቍጣው በዚያ ስፍራ እንደ ገና ተቀሰቀሰ እንጂ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከዚያ የወጣው የአባቱን መጽሐፍ እንዳገኘ ልጅ ሆኖ ነው።

የቀረው ዳንግላር ነበር። የሆስፒታሎችን አምስት ሚሊዮን ፍራንክ ይዞ ወደ ሮም ሲሸሽ የኮንቱ ሽፍቶች በዋሻ ያዙት። ሳይመቱ፥ ሳያስሩ፥ በረኃብ ቀጡት፤ አንድ ዶሮ ሲለምን ዋጋው 100,000 ፍራንክ ነው አሉት። ቅጣቱ የዳንቴስ አባት የሞተበት ረኃብ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ገንዘቡ አልቆ ዳንግላር ምሕረት ለመነ። ኮንቱም ተገልጦ ይቅር አለው፤ 50,000 ፍራንክ ትቶለት ለቀቀው፤ የሆስፒታሎቹም ገንዘብ ተመለሰላቸው። ዳንግላር በወንዝ ዳር ጐንበስ ብሎ ውሃ ሲጠጣ ጠጕሩ ሸብቶ አየ።

ዳንግላር ከሌሎቹ ያነሰ ኀጢአት ስላለው አይደለም የዳነው፤ የክፋቱ ጀማሪ እርሱ ነው። የዳነው በኤዱዋር ሬሳ ምክንያት ነው። ይቅርታው የመጣው ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ነበር፤ በፊት ቢመጣ ግን ያለ ዋጋ በተገኘ ነበር። ኮንቱም ከመሄዱ በፊት ለማክሲሚልየን በተወው ደብዳቤ ራሱን ለጥቂት ጊዜ ከእግዚአብሔር ጋራ እኩል አድርጎ እንደ ቈጠረ ተናዘዘ፤ ሀብቱንም ለእርሱና ለቫላንቲን ትቶ ከሃይዴ ጋራ በመርከብ ሄደ።

፯. ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ይህን ታሪክ ያነበበ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የያዕቆብን ልጅ ዮሴፍን ሳያስብ አይቀርም። እርሱም በወንድሞቹ ቅንዓት ተጥሎ ተሸጠ፤ በሐሰት ክስ ታሰረ፤ ከወኅኒ ወጥቶ በባዕድ አገር ባለ ሥልጣን ሆነ፤ የበደሉት ሰዎች ሳያውቁት በፊቱ ቆሙ። ዮሴፍም ማንነቱን ሰውሮ ፈተናቸው። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ዮሴፍ የጐተራው ቍልፍ በእጁ ሳለ ወንድሞቹን አበላቸው፤ ኮንቱ ግን የእንጀራውን ዋጋ አስወደደ። ዮሴፍ በሚፈትናቸው ጊዜ ዘወር እያለ ያለቅስ ነበር፤ ልቅሶው ፈተናው ቅጣት እንዳይሆን ጠበቀው። ኮንቱ ግን ያዘነው ሕፃኑ ከሞተ በኋላ ነው።

በአገራችን ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ሳል ሌባውን እንደሚያጋልጠው፥ ቂምም ጸሎተኛውን ያጋልጠዋል ማለት ነው። በአንድ ግቢ አብረው በሚማሩ፥ በአንድ ማዕድ በሚበሉ ሰዎች መካከል የዳንግላር ወረቀትና የካድሩስ ዝምታ በትንሹ ሊታዩ ይችላሉ፤ የተበደለውም ሰው ቍስሉ እውነተኛ ነው፤ የለም ሊባል አይገባም። ነገር ግን መልስ ለመስጠት ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ በእጄ የያዝሁት መሣሪያ የማን ነበር? በምመታው ሰው ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ? ዳንቴስ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የጠየቀው እጅግ ዘግይቶ ነው።